የሰፋው እጅ ይቀበል

ይሄይስ ትንሿን ጥቁር ሳጥን ከቦርሳው አውጥቶ በተዘረጋው የመጋረጃ ጨርቅ ላይ ሲያስቀምጣት፣ ሐዋ ኸይሩ መቀሷን ከእጇ ሳትለቅ ጎንበስ ብላ አየቻት። ሳጥኗ ከአንድ ሙሉ ሳሙና አትበልጥም። ግንባሯ ላይ አረንጓዴ መብራት ቦግ እልም ይላል።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«አሻራ መቀበያ ናት፣ እትዬ ሐዋ።» ይሄይስ የደመወዝ ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅት ወኪል ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም እንደ ሸሚዙ። «ሠራተኛዋ ጠዋት ስትገባ ጣቷን ታስነካለች፤ ማታ ስትወጣም ታስነካለች። ሶፍትዌሩ ሰዓቱን ይቆጥራል፣ ያረፈደችውን ይቀንሳል፣ ወሩ ሲያልቅ ፔሮሉን ራሱ ሠርቶ ያወጣል። እርስዎ ቁጭ ብለው ማየት ብቻ ነው።»

«በየት ስትገባ?»

«በበር ነዋ።»

«በየትኛው በር?»

ይሄይስ ዞር ዞር ብሎ ሱቁን ቃኘ። ከሲኒማ ራስ ጀርባ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሱቅ ናት፤ ሦስት ሰው ከገባባት አራተኛው ትከሻውን አጥፎ ነው የሚቆመው። ጣቃ ጨርቅ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ አለ፣ አንድ ኮምፒዩተር አለ፤ የስፌት መኪና ግን የለም። ይሄይስ የሚፈልጋቸው በሮች እዚህ አልነበሩም። አንዱ ኮልፌ ነው፣ አንዱ አብነት፣ አንዱ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ባለ የቀበሌ ቤት። ሐዋ ትቆርጣለች፤ ሴቶቹ መጥተው የተቆረጠውን ይወስዳሉ፤ ድስት እየጣዱ፣ ልጅ እየተቆጡ፣ በየቤታቸው ይሰፉታል፤ ሲጨርሱ ያስረክባሉ። ዛሬ ለሐዋ የሰፋች ነገ ለሌላ ነጋዴ ትሰፋለች። የቁርጥ ሥራ ነው፤ ማንም የማንም ቅጥር አይደለም።

«ልጄ፣» አለች ሐዋ፣ «እኔ የማንንም ሰዓት አልገዛሁም። የገዛሁት መጋረጃ ነው። ጎህ ሲቀድ ትስፋው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ትስፋው፣ እየዘፈነች ትስፋው፣ ባሏን እየረገመች ትስፋው፤ የእኔ ጉዳይ እጥፋቱ መቅናቱ ነው። ጣቷን ምን ላድርገው?»

ታናሽ ወንድሟ ሙናዊር ከኮምፒዩተሩ ኋላ አንገቱን አወጣ። «እትዬ፣ እባክሽ ሰውየውን አታስደንግጪው። በነፃ ሊያሳየን ነው የመጣው።»

«እኔን የሚያስደነግጠኝ በነፃ የመጣ ነው» አለችና ጨርቋን መቁረጥ ቀጠለች።

ይሄይስን የጠራው ሙናዊር ነው። ሱቁ የሁለቱ ነው፣ ግማሽ በግማሽ፤ እሷ ጨርቁንና ሰፊዎቹን ትይዛለች፣ እሱ ደንበኛውንና ግብሩን። ሰሞኑን ሙናዊር ትልቅ ሥራ አምጥቷል። አንድ አዲስ የሚከፈት ሆቴል የመጋረጃውን ሥራ ከምድር ቤቱ እስከ ጣሪያው ሰጥቷቸዋል። ሆቴሉ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ጠይቋል፦ ለሰፊዎቹ የሚከፈለው ሁሉ በስልክ ወይም በባንክ ተልኮ፣ ማስረጃው ታትሞ እንዲቀርብለት። እጅ በእጅ መስጠት ቀረ። ስለዚህ እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ሶፍትዌር መርጠው ሁለቱም መፈረም አለባቸው።

ሐዋ ለሶፍትዌር ጠላት አይደለችም። ስልኳን ከሙናዊር ባላነሰ ትነካካለች፤ የቻይናን የጨርቅ ዋጋ ከአልጋዋ ሳትነሳ ታያለች። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገንዘቡ ከእሷ እጅ ወጥቶ የማን እጅ ላይ እንደሚያርፍ። በዚህ ነገር ከማንም ጋር ትጣላለች፤ ከወንድሟም ጋር።

ምክንያቷን የማያውቅ ሰው ሐዋን አያውቃትም። ከስልጤ ገጠር አዲስ አበባ ስትገባ የጋብቻዋ ሂና ገና ከእጇ አልለቀቀም ነበር። ባሏ በገዛላት የእጅ መኪና ለአንድ የመርካቶ ነጋዴ የትራስ ልብስ መስፋት ጀመረች። ሰፍታ ታስረክባለች፤ ሒሳቧን ስትጠይቅ ነጋዴው ቀና እንኳ ሳይል፣ «ባልሽ ወስዷል» ይላታል። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም፣ አላህ ይማረውና፤ ዘይቱንም ስኳሩንም ገዝቶ ይገባል። እሷ ግን የድካሟን ዋጋ አንድ ቀን እንኳ በመዳፏ ይዛ ክብደቱን አላወቀችውም። ወንዝ ዳር እየኖሩ ውሃ በሰው እጅ እንደመጠጣት ሆነባት።

አንድ ጠዋት የሰፋችውን ክምር ተሸክማ መጣችና ነጋዴው ደጃፍ ላይ አውርዳ፣ ክምሩ ላይ ተቀመጠች። ገዢ ለመግባት እሷን መሻገር አለበት፤ የተቀመጠች ሴት ደግሞ ማን ይሻገራል? ነጋዴው ለመነ። ተቆጣ። ሽማግሌ ጠራ። «ለሰፋው እጅ ካልሰጠኸው አልነሳም» አለች። ቀትር ሲሆን ብሩን ወረወረላት። ከመሬት አንስታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «አትወረውርልኝም፤ ታስይዘኛለህ።» ሰውየው ከመገረሙ የተነሳ አስያዛት።

ያቺ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነጋዴ ናት፤ ባሏም ከሞተ ቆይቷል። ሐሙስ ሐሙስ ከአስር ሰላት በኋላ ሰፊዎቿ ሲመጡ ግን ገንዘቡን በመዳፋቸው አስቀምጣ ጣቶቻቸውን በሁለት እጇ አጥፋ ትዘጋዋለች። «ሐላል ነው?» ትላለች። «ሐላል ነው» ይሏታል፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፤ ቅሬታ የለኝም ማለታቸው ነው። ይህ ቃል ሳይወጣ ሐዋ ሒሳብ ተዘጋ ብላ አታውቅም።

ይሄይስ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። «እሺ፣ አሻራው ይቅር» አለ ሳጥኗን ወደ ቦርሳው እየመለሰ። «ሶፍትዌሩ ለቁርጥ ሠራተኛም ክፍል አለው። ስሟንና ስልኳን ማስገባት፣ የሰፋችውን ማስገባት፣ አንድ ጊዜ መጫን፤ አለቀ። እስቲ ለአንድ ሳምንት ይሞክሩት።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እንሞክረዋ» አለች ሐዋ።

በዚያ ሳምንት ሴቶቹ የተቆረጠ ጨርቅ ሊወስዱ በመጡ ቁጥር ሙናዊር ከኮምፒዩተሩ ኋላ ሆኖ፣ «ስልክ ቁጥርሽ?» እያለ ጠየቃቸው። እነሱም እየነገሩት ሄዱ። ሐሙስ ከሰዓት ሐዋን ጠራትና የኮምፒዩተሩን ማውስ አስያዛት። «ራስሽ ተጫኚው።»

ተጫነች። ከስሞቹ ጎን አንድ በአንድ አረንጓዴ ምልክት በራ፤ ተከፍሏል፣ ተከፍሏል፣ ተከፍሏል። ሐዋ አፏን በሻሿ ያዘች። ከታች ጎዳናው ላይ ሚኒባሶቹ ጥሩንባቸውን እየነፉ ተቆላልፈው ቆመዋል፤ አንድ ጋሪ ሰው ካልገለጡለት ፈቀቅ አይልም፤ የእሷ ገንዘብ ግን በዚያ ሁሉ ግርግር አናት ላይ፣ ማንንም ዞር በሉ ሳይል፣ ክንፉ ሳይሰማ ኮልፌ ደርሷል፣ አብነት ደርሷል። «ሱብሃነላህ!» አለች፤ ከልቧ ነው። ዓለም እንዲህ መቅለሏ ደነቃት።

ከዚያ ሐሙስ ከሰዓቱ ሐሙስ ሳይመስል አለፈ። ማንም አልመጣም። ደረጃው ላይ የሴቶች ሳቅ የለም፤ መዳፍ የለም፤ ሐላል የለም። ሐዋ መጋረጃ እያጠፈች ደጋግማ ወደ በሩ አየች።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ወርቅዬ ቆማለች። ወርቅዬ ከሰፊዎቹ ሁሉ እጇ የቀና ናት፤ የሰፋችው እጥፋት በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የምትሰፋው ግን በኪራይ መኪና ነው። የራሷን ለመግዛት ለአንድ አሮጌ መኪና ቀብድ አስይዛለች፤ ቀሪውን ነገ ቅዳሜ ካላደረሰች ቀብዷም መኪናውም ይቀራሉ። ይህን ሐዋ ታውቃለች።

«እትዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

«ምን ሆንሽ?»

«ሁሉም ተከፈላቸው ሲባል ሰማሁ። የእኔን ለምን ያዙት?»

ሙናዊር ኮምፒዩተሩን ወደሷ አዞረ። «ይኸው ተከፍሏል! ትናንት፣ በዚህ ቁጥር።»

ወርቅዬ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየች። የራሷ አልነበረም። የባሏ የቶላ ነው።

«ስልክ አለሽ አይደል እንዴ?» አለች ሐዋ። «ለምን የሱን ሰጠሽ?»

ወርቅዬ ወደ ሙናዊር በዓይኗ ጠቁማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ ሙናዊር ናቸዋ የጠየቁኝ። ለወንድ ቁጥሬን ልስጥ? ቶላ ቢሰማ ምን ይለኛል?»

ሙናዊር ጆሮው ቀላ። ዝርዝሩን አንድ በአንድ ሲያዩት ነገሩ የወርቅዬ ብቻ አልነበረም። ጨዋ ያገባች ሴት ቁጥሯን ለወንድ አትሰጥም፤ ስለዚህ አብዛኞቹ በጨዋነታቸው የባላቸውን ሰጥተዋል። ሰኪና የወንድሟን ሰጥታለች። አንዷ ጭራሽ የእድሯን ጸሐፊ ቁጥር ነው የሰጠችው። ያ ክንፉ የማይሰማው ገንዘብ በርሮ በርሮ የወንዶች ኪስ ውስጥ ነበር ያረፈው።

«ቶላ ምን አለሽ?»

«ምንም። ስልኩ ላይ እንደገባ እንኳ አልነገረኝም።»

ሐዋ መቀሷን አስቀመጠች። ነጠላዋን ሻሿ ላይ ደርባ ደረጃውን ወረደች።

ቶላ ሶማሌ ተራ ከመኪና ላይ ጭነት ያወርዳል። ስትደርስ አንድ እስር ብረት ትከሻው ላይ ጭኖ እየመጣ ነበር።

«ማዘር ዞር በይ፣ ብረት ነው!»

«ብረትህን አውርድና አናግረኝ። ሐዋ ነኝ፣ የወርቅዬ።»

አወረደ። ባልደረቦቹም ወሬ ሸትቷቸው እጃቸውን አቆሙ።

«የወርቅዬ ሒሳብ አንተ ስልክ ላይ ገብቷል።»

«ገብቷል» አለ፤ አልካደም። «ስልኬ ጮኸ፤ ሳየው ብር። የወርቅዬ ነው ይላል? አይልም። ስልኬ ላይ የገባ ደግሞ የእኔ ነው። የእቁብ ቀን ነበር፣ ለዳኛው አስረከብኩ። እቁብ ይዘለላል እንዴ ማዘር?»

«አይዘለልም!» አሉ ተሸካሚዎቹ ባንድ ድምፅ።

«አይዘለልም» አለች ሐዋም። በእቁብ ያደገች ናት፤ እቁብ የዘለለ ሰው መርካቶ ውስጥ ምን ፊት እንደሚቀረው ታውቃለች። «የአንተን እቁብ ግን በአንተ ትከሻ ክፈል። በእሷ ጣት አይደለም።»

«አሁን ማዘር ቤቴ ልትገቢብኝ ነው?»

«ቤትህ መቼ ገባሁ? የቆምኩት መንገድ ላይ ነው።»

«ቶላ፣ ዛሬ ከባዱን ተሸከምክ!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሳቁ ፈነዳ። ያ ሳቅ ነገሩን አበላሸው። እስካሁን ይሰማት የነበረው የቶላ ፊት ተዘጋ። «ብሩ የለም፤ እቁብ ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ መክፈል ከቻልሽ ክፈያት» ብሎ ብረቱን ትከሻው ላይ ወረወረና ሄደ።

ሐዋ ተመልሳ ሁለት ጊዜ ከፈለች። ከካዝናው አወጣች፣ ወርቅዬ መዳፍ ላይ አደረገች፣ ጣቶቿን አጠፈችላት። «ሂጂ፣ መኪናሽን አምጪ።»

ወርቅዬ እንደወጣች ሙናዊር ተነሳ። «ያበድሽ ነገር ነው እትዬ! የተከፈለ ነገር እኮ ነው።»

«ከእኔ ድርሻ ቀንሰው።»

«ድርሻሽን አላልኩም። ባልና ሚስት አንድ ኪስ ናቸው፤ እሱ ጋ ገባ እሷ ጋ ገባ ምን ለውጥ አለው?»

«አንድ ኪስ ከሆኑ ሁልጊዜ ለምን እሱ ሱሪ ላይ ይሰፋል?»

ሙናዊር ለይሄይስ ደወለና ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የይሄይስ ድምፅ ከጨርቁ መሃል እንደ ሁልጊዜው የተተኮሰ ሆኖ ወጣ። «ሲስተሙ ምንም አልተሳሳተም፣ እትዬ ሐዋ። የታዘዘውን ነው ያደረገው።»

«እሱ ነው ችግሩ!» አለች ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። «የታዘዘውን ሁሉ የሚያደርግ ነገር አልፈልግም። እምቢ ማለት የሚያውቅ ነው የምፈልገው።»

«እንደዚያ ዓይነት የለንም።»

«እንግዲያው ዘወር ብለን እንፈልጋለን። አመሰግናለሁ ልጄ፣ አክብረህ ነው የመጣኸው።»

ፈለገች። የመጣውን ሻጭ ሁሉ የምትጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነበር። አንዱ ቀለሙን አሳያት፣ አንዱ ሠንጠረዡን፤ እምቢታን ያሳያት ግን አልነበረም። መጨረሻ ላይ የመጣችው ሔርሜላ ናት፤ ከጓደኞቿ ጋር ትንሽ ድርጅት ያቋቋመች፣ ላፕቶፕዋን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ታቅፋ የምትሄድ ወጣት።

«ያንቺው እምቢ ይላል?» አለቻት ሐዋ ገና ሳትቀመጥ።

«እምቢ?»

ሐዋ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ሔርሜላ አፏን ከፍታ ሰማች፤ የባል ቁጥር ላይ ሲደርሱ ሳቀች፣ እቁቡ ላይ ሲደርሱ ሳቋ ጠፋ። ከዚያ ላፕቶፕዋን ከፍታ ስክሪኑን አየች።

«እትዬ፣ ገንዘብ ሲላክ የቁጥሩ ባለቤት ስም መጀመሪያ ይመጣል። የብዙ ሰው ባንዴ ሲላክ ግን፣ እንዲፈጥን ተብሎ፣ ያ ይዘለላል። የእኛም ይዘለዋል።» ቀና አለች። «እንዳይዘለው ማድረግ እችላለሁ። የቁጥሩ ባለቤትና የሰፊዋ ስም ካልገጠመ ይቆማል። እርስዎ እንኳ ቢያዙት አይልክም።»

«እኔም ባዝዘው?»

«እርስዎም ቢያዙት።»

«ወላሂ እሱ ነው!» አለች ሐዋ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አድርጋ።

ሙናዊር ግን ራሱን ይዞ ነበር። የሔርሜላ ሶፍትዌር ርካሽ ነው፤ ግን አዝጋሚ ነው፣ የሚያወጣው ማስረጃም እንደ ይሄይሱ አያምርም። ከሁሉ የሚብሰው ሌላ ነበር። «ግማሾቹ በስማቸው ሲም ካርድ የላቸውም፤ ያላቸውም ባል ያወጣላቸው ነው። ሐሙስ ሲደርስ ይሄ ነገርሽ ሁሉንም እምቢ ቢልስ? ሳይከፈላቸው ይሄዳሉ። ሰፊ ከሄደ ሆቴሉ ሄደ፤ ሆቴሉ ከሄደ ይሄ ሱቅ አለ ትያለሽ?»

ትክክል ነበር። ሐዋም ትክክል መሆኑን አወቀች። ሱቁ የእሷም ጉሮሮ ነው፤ ሌላ የላትም። በመስኮቱ ወደ ታች አየች፤ ሰው በሰው ላይ፣ ጭነት በጭነት ላይ፣ ሁሉም እየገፋ፣ ማንም ወደ ኋላ ሳይል።

«ሙና፣» አለች ወደ ወንድሟ ዞራ፣ «እኔ ሰው ደጃፍ ተቀምጬ ያገኘሁትን አንተ በአንድ ጣት ተጭነህ አትመልሰውም። ሱቁ ከሄደ ይሂድ። ፈርም።»

«ካልሠራ እኔ እመርጣለሁ።»

«ካልሠራ አንተ ትመርጣለህ። ፈርም።»

ፈረመ፤ እያጉረመረመ። ሐዋም ከሥሩ ፈረመች።

በማግስቱ ሰፊዎቹን ሁሉ ጠራች። መታወቂያ ያላት መታወቂያዋን፣ የሌላት ማንነቷን የሚያስረዳላትን ሁሉ ይዛ እንድትመጣ። ከሲኒማ ራስ ተነስተው በአንድ ረድፍ፣ ሻሽና ነጠላ፣ ቡርቃና ጃኬት ተቀላቅሎ፣ ሐዋ ከፊት ሆና፣ በየራሳቸው ስም ሲም ካርድ ሊያወጡ ወደ ስልክ አገልግሎቱ ሱቅ ሄዱ። ጋሪ ገፊዎቹ ሳይቀሩ ቆመው አሳለፏቸው። «ሰርግ ነው ለቅሶ?» አለ አንዱ ሊስትሮ። «ስም ልናወጣ ነው!» አለች ወርቅዬ ከመሃል። ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቁ ግን የፈሩ ሰዎች ሳቅ ነበር። አንዷ ተራዋ ሲደርስ፣ ተቀባዩ ወጣት፣ «ሙሉ ስም?» ሲላት ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ስትናገር ራሷ ሰማችውና ደነገጠች፤ ያን ያህል ዘመን ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም ነበር።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቤት ገባ። በነጋታው ጠዋት የሱቁ በር ላይ ወንዶች ቆመዋል። ከፊት ያለው ቶላ ነው።

«ሚስቶቻችንን ልታስፈቺን ነው?»

«መፍታት የምትፈልግ እኔ ጋ ምን አመጣህ? ፍታ።»

«ማዘር፣ በጨዋ ቋንቋ ነው የመጣነው። እስከ ዛሬ በሰላም ነበርን።»

«አንተ በሰላም ነበርክ። እሷን ጠይቀሃታል?»

ሙናዊር ከኋላዋ መጥቶ እጅጌዋን ጎተተ፤ እጇን ነጠቀችው። በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችውና መቀሷን እንደያዘች ደፉ ላይ ቆመች።

«ስሙኝ። ለሚስትህ የምሰጠው ያንተ ቤት መግባቱን አውቃለሁ። እሰየው፣ ይግባ። ግን በእሷ እጅ ይግባ። ከእሱ ላይ ብትሰጥህ ሐላልህ ነው፤ ብትከለክልህም ከእሷ ጋር ተነጋገር፣ ወደ እኔ እንዳትመጣ። እኔ ለሰፋው እጅ ነው የምከፍለው። ያ የማይዋጥለት ካለ ይግባ፤ መጋረጃው ይኸውላችሁ። ዛሬውኑ ሰፍቶ ያስረክበኝ፣ ነገ በስሙ እልክለታለሁ።»

ማንም አልገባም። ከኋላ የነበረው ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ፣ «እኔስ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባትም አልችል» አለና ሳቁን ማፈን አቃተው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ደረጃውን ወረዱ። ቶላ ብቻ ቀረ። መቀሱን አየ፣ ጣቃውን አየ፣ ሐዋን አየ።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አዎ፤ ያን ዕለት መንገድ ላይ አዋርጄሃለሁ። ለእሱ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ለብሩ ግን አውፍ አልልህም።»

አውፍ አላለም፤ አልተሳደበምም። ሄደ።

ሐሙስ መጣ። ሔርሜላ ከጎኗ፣ ሙናዊር ከኋላዋ ቆመው ሐዋ ተጫነች። አረንጓዴው አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ፣ ስም እያነበበ ወረደ። ያ ዝግታ አላስጨነቃትም፤ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ነው፣ እያንዳንዷን ስም አስተውሎ እያለፈ። ከታች ሲደርስ ግን አንዱ ቀይ ሆነና ቆመ። ሰኪና ናት። መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበት ሲም ካርድ ማውጣት ስላልቻለች ዝርዝሩ ላይ ያለው አሁንም የወንድሟ ቁጥር ነው።

ሰኪና ራሷ እዚያው ቆማለች። «ይላክ በቃ እትዬ! ወንድሜ ይሰጠኛል!»

ሐዋ ተጫነች። እምቢ አለ። ደግማ ተጫነች። እምቢ። ሙናዊር በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሰኪና እንባዋ መጣ። ሐዋ በገዛ እጇ የቆለፈችው በር ፊት ቆማ ነበር፤ እጅ በእጅ እንዳትሰጣትም ሆቴሉ ከልክሏል። ቦርሳዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። «ተነሺ፣ ወረዳ እንሄዳለን። መታወቂያሽን ሳናድስ አንመለስም።»

«ዛሬ ይዘጋል እኮ!»

«ሳይዘጋ እንደርሳለን።»

ደረሱ፤ ግን አልተጨረሰም። ሰኪና ሒሳቧን ያገኘችው ሰኞ ነው፤ እስከ ሰኞ ሐዋን ያላማችበት ቤት አልነበረም። ሐዋ ሰማች፤ መቁረጧን ቀጠለች። ሰኪናም ሰኞ ስልኳ ሲጮህ ማማቷን አልተወችም፤ ቁጥሯን ግን ዳግመኛ ለማንም አላዋሰችም።

ሆቴሉ ማስረጃውን ተቀበለ። ማማሩን ማንም አልጠየቀም። ሙናዊር ይህን በአፉ አልተናገረም፤ ኮምፒዩተሩን ብቻ ከቀድሞው ቀስ አድርጎ ዘጋው።

በቀጣዩ ሳምንት ወርቅዬ የተሰፋ መጋረጃ ተሸክማ መጣች። ሐዋ እጥፋቱን ገልብጣ አየችው፤ ከድሮውም የቀና ነበር። አዲስ የተቆረጠውን ክምር ወደሷ ገፋችላት። ወርቅዬ አልነካችውም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት ነበር።»

«ንገሪኛ።»

«ሶማሌ ተራ ያለ ነጋዴ ሥራዬን አይቶ አስጠራኝ። በመጋረጃ ከእርስዎ የበለጠ ነው የሚከፍለኝ። አሁን መኪናውም የእኔ ነው፣ ሒሳቡም በስሜ ነው። ስለዚህ...» ትንፋሿን ሳበች። «ካልጨመሩልኝ ይሄን አልወስድም።»

«ይኸው!» አለ ሙናዊር ከጥግ ብድግ ብሎ። «ይኸው እትዬ፣ የለፋሽበት! ሁለት ጊዜ የከፈልሽላት!»

ሐዋ ፊቷ ጋለ። ለቅጽበት ያን ሁሉ ልትዘረዝርላት አፏን ከፈተች፤ ሶማሌ ተራ መውረዷን፣ በሩ ላይ መቆሟን፣ ከወንድሟ መጣላቷን። ወርቅዬ ዓይኗን አልሰበረችም። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ጫማዋን ገጥማ ቆማለች፤ የምትፈራ ትመስላለች፣ የምትሄድ ግን አትመስልም። ከሐዋ ጋር እንዲህ ቆሞ ዋጋ የተነጋገረ ሰፊ እስከ ዛሬ አልነበረም። እንዲህ የሚቆሙት ጣቃ የሚያራግፉ ጅምላ ነጋዴዎች ናቸው።

ሐዋ አፏን ዘጋች። ከጠረጴዛው ሥር ወንበር ጎትታ አወጣችና በመዳፏ አቧራውን ጠረገችው።

«ተቀመጪ። ስንት አለሽ ሰውየው?»

ወርቅዬ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ቀስ ብላ፣ ወንበሩን ሞልታ ተቀመጠች።

«አልነግርዎትም» አለች። «እርስዎ ስንት ይላሉ?»